ራስ የሌለው ብሎን

(የመኪና ማስነሻ ቁልፍ ስለሚፈታበትና ስለሚመለስበት ሁኔታ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ከጣት ጫፍ ስለማይበልጥ፥ በመኪና መሪ ሥር በሽፋን ተጋርዶ ስለሚኖር አንድ ብሎን ነው። ይህ ብሎን ራስ የለውም። መፍቻ የሚይዘው ጎን፥ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ አይገኝበትም። መካኒኩ ሽፋኑን ገልጦ ሲመለከት የሚያገኘው እንደ አተር ክብ ሆኖ የለሰለሰ ብረት ብቻ ነው። ሠሪው ራሱን ማውጣት ረስቶት ነውን? አልረሳውም፤ ዐውቆ ነው። ለምን እንደዚህ አድርጎ እንደ ሠራው፥ ግድ በሆነ ጊዜ እንዴት እንደሚፈታ፥ ይልቁንም ከተፈታ በኋላ እንዴት ሊመለስ እንደሚገባው እንገልጻለን።

ነገሩን በአገር ላይ አድርገን ብናየው ይቀላል። ዝቋላን እንውሰድ። ዝቋላ ስንል በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን፥ በራሱ ላይ ሐይቅ የተሸከመውን ታላቅ ተራራ ማለታችን አይደለም፤ በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀውን ቆላማ ወረዳ ማለታችን ነው፤ ዋና ከተማውም ጽጽቃ ይባላል። ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን አሞሌ ጨው የጫነ ነጋዴ የሚሰበሰብባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። የዚያን ዘመን የአጋሰስ ጭነት ዛሬ አይሱዙ ተረክቦታል፤ አህያም ብትሆን ሥራዋን ጨርሳ አልተወችም። አንድ ላንድ ክሩዘር ምጥ የጠናባትን ሴት ከዝቋላ ቀበሌዎች ከአንዱ ጭኖ፥ ሰቆጣ ወደሚገኘው ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊወጣ ተሰናድቷል እንበል። ሾፌሩ ቁልፉን ከቶ ቢያዞረው አልዞርም አለው። ጨክኖ ሲጠመዝዘው ቁልፉ እመካከሉ ላይ ተቀነጠሰና ግማሹ በውስጥ ቀረ። መሪው እንደ ተቈለፈ ስለ ሆነ መኪናይቱን በሌላ መኪና ጎትቶ መውሰድ እንኳ አይቻልም፤ ጎማዎቿ ወደ አንድ ወገን እንዳዩ ቀርተዋልና።

እንዲህ ባለ ጊዜ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዱ «ሽቦውን ቈርጠህ ዳይሬክት አድርገው» ይላል፤ ሁለተኛው «መሪውን ለሁለት ይዛችሁ ጠምዝዛችሁ ስበሩት» ይላል፤ ሦስተኛው መዶሻ ፍለጋ ይሮጣል። ከእነዚህ ምክሮች አንዱ ወይም ሌላው መኪናይቱን ያስነሣት ይሆናል። ነገር ግን በጥድፊያ ተሰብራ የተነሣች መኪና ነገ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ምን እንደምትሆን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህ ንግግር የተዘጋጀውም ስለዚሁ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። አማርኛችን የሚዘጋውንም የሚከፍተውንም በአንድ ቃል «ቁልፍ» ይለዋል። በቤት በር ላይ ይህ ችግር አያመጣም፤ በመኪና ላይ ግን ያሳስታል፤ «ቁልፉ ተበላሽቷል» ያለ ባለ መኪና የትኛው እንደ ተበላሸ ሳይለይ ብዙ ገንዘብ ያወጣልና። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በእጅ የሚያዘውን «ቁልፍ»፥ ቁልፉ የሚገባበትን «የቁልፍ ቤት» እያልን እንጠራለን።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሞተራቸው በቁልፍ አይነሣም ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘችውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፥ ሞተር ይነሣ የነበረው ከፊት ለፊት በእጅ በሚዞር ማንቬላ ነበር። ማንቬላውም ወደ ኋላ የረገጠ እንደ ሆነ የሰው ክንድ ይሰብራል። የውጭ አገሩን ዓመት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንናገርና፥ ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ በኋላ የክንዱ ሥጋት ቀለለ። ክራይስለር ደግሞ በ1949 የኤሌክትሪኩን መስመር መክፈትንና ሞተሩን ማስነሣትን በአንዲት ቁልፍ መዞር አደረገው። ማስነሣቱ ለባለቤቱ በቀለለ መጠን ግን ለሌባም ቀለለ፤ ሁለት ሽቦ ማገናኘት ብቻ የሚበቃው ሆነ።

መፍትሔው መሪውን ራሱን መቈለፍ ሆኖ ተገኘ፤ ሞተሩን ያስነሣ ሌባ መሪው ካልዞረለት የትም አይደርስምና። ምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አዲስም ሆነ አሮጌ መኪና ሁሉ የመሪ መቈለፊያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘች፤ የመኪና ስርቆትም ቀነሰ። አሜሪካ ከ1970 ጀምሮ ቁልፉ በወጣ ጊዜ መሪው ወይም የመኪናይቱ ጉዞ እንዲታገድ ደነገገች። እንግሊዝ በ1971 ትእዛዙን ያዋለችው በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ ብቻ ነበር፤ በ1976 የአገር ግዛት ሚኒስቴሯ ያሳተመው ጥናት እንዳመለከተውም ሌቦቹ ሥራቸውን አልተዉም፤ አዲሶቹን ትተው ወደ አሮጌዎቹ ዞሩ። አሮጌ መኪና በሚበዛበት አገር ለሚኖር ሰው ከሁለቱ የሚበልጠው ትምህርት ይህ የእንግሊዙ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። የቁልፍ ቤት ብለን በአንድ ስም የጠራነው ነገር በእውነቱ ሦስት አካል ያለው ነው። የመጀመሪያው ቁልፉ የሚገባበት ክብ በርሜል ነው። በውስጡ ስስ የነሐስ ሰሌዳዎች በትናንሽ ሞላዎች እየተገፉ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ ቁመቱ የተለያየ መስኮት አለው። እውነተኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሱ ሁሉንም ሰሌዳዎች በልክ ያስተካክላቸዋል፤ በርሜሉም ይዞራል። የባዕድ ቁልፍ ሲገባ ግን ቢያንስ አንዱ ሰሌዳ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ በርሜሉን ያግደዋል። ሁለተኛው አካል ከበርሜሉ በስተ ኋላ የተቀመጠው የኤሌክትሪክ ማገናኛ ነው፤ በርሜሉ ሲዞር እርሱም አብሮ እየዞረ መብራቱን፥ ሞተሩን፥ በመጨረሻም ማስነሻውን በየተራ ያገናኛል። ሦስተኛው እነዚህን ሁለቱን ያቀፈው፥ የመሪውን ዓምድ እንደ ቀለበት ጨብጦ የሚቀመጠው ወፍራም ብረት ነው። መሪውን የሚቈልፈው መወርወሪያ በዚህ ውስጥ ይኖራል፤ እነዚያ ሁለት ራስ የሌላቸው ብሎኖችም የሚያስሩት ይህንኑ ነው።

የመወርወሪያው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ ይገባል። ሾፌሩ ቁልፉን አውጥቶ መሪውን ጥቂት ሲያዞር፥ መወርወሪያው በሞላ ኀይል ተወርውሮ በመሪው ዘንግ ላይ ወደ ተቀረጸው ጎድጓዳ ይገባል፤ መሪው ደረቀ ማለት ነው። ይህ በቆመ መኪና ላይ መልካም ነው፤ በሚሄድ መኪና ላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሞት ነው። ስለዚህም መሐንዲሶቹ እጥፍ ጥንቃቄ አድርገዋል። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ላይ ቁልፉ ወደ መጨረሻው የመቈለፊያ ስፍራ የሚደርሰው፥ ሾፌሩ ዐስቦ ቁልፉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ያዞረው እንደ ሆነ ብቻ ነው። በስሕተት እንዳይሆን ነው።

እንግዲህ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው በፎሌ የሚለቁ ሾፌሮች ይህን ልብ ይበሉ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ኀይሉን ያጣል፤ በሞተር ኀይል የሚታገዝ መሪም ይከብዳል። በዚያ ላይ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ የሚከት ቢገኝ፥ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪው ይቈለፍበታል። ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከሁለት ሊትር ናፍጣ የሚበልጥ ነገር እንዳለ ማንም አይክድም።

ወደ ብሎኑ እንመለስ። ይህ ብሎን ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ብሎን ባለ ስድስት ጎን ራስ አለው፤ ነገር ግን ከራሱ በታች ያለው አንገት ሆን ተብሎ ቀጥኗል። ሠራተኛው መፍቻውን አግብቶ ሲያጠብቀው ብሎኑ ብረቱን አጥብቆ እስኪይዝ ድረስ ይዞራል፤ ከዚያ አልፎ ሲጠብቅ አንገቱ አይችልምና ራሱ ተቀንጥሶ ይወድቃል። የቀረው ለስላሳ ጕብታ ብቻ ነው። ብልኀቱ በሁለት ወገን ይጠቅማል፤ በአንድ በኩል ብሎኑ በልኩ መጥበቁን የራሱ መሰበር ይመሰክራል፤ በሌላ በኩል ደግሞ መፍቻ ይዞ የመጣ ሌባ የሚይዘው ነገር ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። ራስ የሌለው ብሎን ጨርሶ የማይፈታ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ፤ ትክክል አይደለም። ብሎኑን ከጓጉንቸር ይልቅ በደብዳቤ ላይ ካለ የሰም ማኅተም ጋር ብናመሳስለው ይሻላል። ማኅተም እጅን አይከለክልም፤ የተከፈተ መሆኑን ግን ይናገራል፥ ለመክፈትም ጊዜ ያስፈጃል። የሌባ ጠላቱ ደግሞ ጊዜ ነው። ሊብሬውን አሳይቶ በጠራራ ፀሐይ በጋራዥ ውስጥ ለሚያሠራው ባለቤት ግን አንድ ሰዓት ቢፈጅበት ምንም አይጎዳውም። መካኒክም በበኩሉ ሊብሬውን ከባለቤቱ መታወቂያ ጋር ሳያስተያይ ትራፓኖውን ከስፍራው ማንሣት አይገባውም፤ ይህ ለራሱ ስምና ነፃነት የሚያደርገው ጥበቃ ነው።

ብሎኑ ከመነካቱ በፊት ግን የትኛው አካል እንደ ታመመ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ መኪናዎች ያለ በደላቸው ተሰርስረዋል። ቁልፉ ገብቶ አልዞር ካለ፥ አስቀድሞ ጎማዎቹን ማየት ነው። መኪናይቱ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፋ ወይም አጣማ የቆመች ከሆነ፥ የጎማው ግፊት በመሪው ዘንግ በኩል ተላልፎ መወርወሪያውን ቀርቅሮ ይይዘዋል። መሪውን በአንድ እጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያደረጉ፥ በሌላው እጅ ቁልፉን ያለ ጭካኔ ቢያዞሩት ይለቃል። የዝቋላው ሾፌራችን ቁልፉን ከመስበሩ በፊት ይህን ቢያደርግ ኖሮ፥ ያችን ሴት ይዞ ሰቆጣ በደረሰ ነበር።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የዋግ መንገድ አቧራ ሲገባ ነሐሶቹን ሰሌዳዎች ያንቃቸዋል። ይህን ሲያዩ የሞተር ዘይት የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ለአንድ ሳምንት መድኀኒት ይመስላል፤ ከዚያ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ይሆንና ሞላዎቹን ያስራል። የሚሻለው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው፤ ይኸውም በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። የተማሪ እርሳስ ጫፉን በምላጭ ፍቆ ዱቄቱን በቁልፉ ጥርስ ላይ ቀብቶ ጥቂት ጊዜ ማስገባትና ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቁልፉ ዞሮ ምንም መብራት ባይታይ፥ ባትሪውንና ፊውዙን ከመረመሩ በኋላ የሚጠረጠረው የኋለኛው የኤሌክትሪክ ማገናኛ ነው፤ እርሱም በብዙ መኪናዎች በሁለት ተራ ቪቴዎች የታሰረ ስለ ሆነ ራስ የሌለውን ብሎን ሳይነኩ ይለወጣል። ቁልፉ የተሰበረ እንደ ሆነ ስባሪውን በቀጭን የሰጌቶ ምላጭ ጥርስ ስቦ ማውጣት ይቻላል፤ ስባሪው ላይ ማጣበቂያ ቀብቶ በግማሹ ቁልፍ ለመሳብ መሞከር ግን በርሜሉን ጨርሶ ይገድለዋል። ሁለቱ ስባሪዎች ሊጣሉ አይገባም፤ ቁልፍ ሠሪው ሁለቱን ገጣጥሞ አዲስ ይቀርጽባቸዋልና። በርሜሉ ራሱ ካረጀ ደግሞ፥ በቶዮታና በመሳዮቹ ቁልፉን ወደ መጀመሪያው ስፍራ አዙሮ፥ በጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ከቶ መያዣውን እየተጫኑ በርሜሉን መሳብ ነው፤ በቀላሉ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ይህ መንገድ የሚሠራው ቁልፉ የዞረ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ቁልፉ ጨርሶ ካልዞረ ይህ በር ተዘግቷል፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ራስ የለሹ ብሎን የሚኬደው።

አፈታቱ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ መኪናይቱ በደልዳላ ስፍራ ቆማ ጎማዎቿ በድንጋይ ይታገዳሉ። ከባትሪው ኔጌቲቩ ሽቦ ይፈታል። በመሪው ውስጥ የአየር ከረጢት ያለበት መኪና ከሆነ፥ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ሳይነኩ መቆየትን ቶዮታ በመመሪያው ያዛል፤ ከረጢቱን የሚያፈነዳው ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ተጠራቅሞ ይቆያልና። ችኩል መካኒክ ይህን ደቂቃ ተኩል ይዘላል፤ ሊዘለል አይገባም። ከዚያ የመሪውን ዓምድ የሸፈኑት ላይኛውና ታችኛው ፕላስቲኮች ይወጣሉ፤ ቪቴዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከታች በኩል ናቸው።

ብሎኖቹ ሲታዩ፥ የሥር ሽቦዎች ሁሉ በጨርቅ ይሸፈናሉ፤ የብረት ፍቅፋቂ በሽቦ መጋጠሚያ መካከል ከወደቀ ሌላ በሽታ ያመጣል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ብሎን ጕብታ ትክክለኛ መካከል ላይ በሹል ብረት አንድ ነጥብ ይመታል። ሥራው ሁሉ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው በዚህች ነጥብ ነው፤ ከመካከል የራቀች እንደ ሆነ ፑንታው ተንሸራቶ ቤቱን ይበሳል። መመሪያው የሚያዝዘው ፑንታ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በትራፓኖው ፍጥነትን ቀንሶ፥ ጠብታ ዘይት እየጨመሩ፥ በቀጥታ ይሰረሰራል። ቀዳዳው በቂ ጥልቀት ሲያገኝ የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለው፥ ጥርሱ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ብረት ይገባል፤ ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ብሎኑን ይበልጥ እየነከሰ ከእርሱ ጋር ያዞረዋል። እዚህ ላይ ኀይል ማብዛት ክልክል ነው። ማውጫው ከፑንታው ይልቅ የጠነከረ ብረት ስለ ሆነ በውስጥ ከተሰበረ በኋላ የሚሰረስረው አይገኝም። ሁለቱ ብሎኖች ሲወጡ ቀለበቱ ይከፈታል፤ ቤቱ ከነመወርወሪያው ይነሣል፤ መሪውም ነፃ ይሆናል።

ትራፓኖ በማይገኝበት ስፍራ የተለመዱ ሁለት ሌሎች ዘዴዎች አሉ። ጕብታው ከቤቱ ወጣ ያለ ከሆነ በሰጌቶ ስንጥቅ አውጥቶ በወፍራም ካቻቢቴ ማዞር ነው፤ ወይም ትንሽ መሮ በጠርዙ ላይ አጋድሞ በቀላል መዶሻ ወደ ግራ እየነኩ ማዞር ነው። በመዶሻው ላይ እንጠንቀቅ። የዛሬዎቹ መኪናዎች የመሪ ዓምድ ግጭት በደረሰ ጊዜ ታጥፎ የሾፌሩን ደረት እንዲያድን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እንደ አንጥረኛ የሚመታው መካኒክ ይህን ያጣምመዋል። እሳት አስጠግቶ ማጋልም በፕላስቲኩና በአየር ከረጢቱ ምክንያት ፈጽሞ አይደረግም።

በመንገዳችን፥ እንግዳ ራስ ያለው ብሎን ሁሉ አንድ አይደለም። በመካከሉ እሾህ የቆመበት ባለ ኮከብ ራስ አለ፤ ማጥበቅ እንጂ መፍታት የማይፈቅድ፥ ጎኑ የተዳፋ ራስም አለ። ለመጀመሪያው መፍቻው በገበያ ይሸጣል፤ ሁለተኛው እንደ ራስ የለሹ ይሰረሰራል።

አሁን ዋናው ነገር መመለሱ ነው፤ ብዙ ጋራዦች የሚሳነፉትም በዚህ ነው። አዲሱ ቤት ሲገዛ አዲስ ባለ ቀጭን አንገት ብሎኖችም አብረው ሊገዙ ይገባል። መካኒኩ መጀመሪያ ብሎኖቹን በጣቱ ያህል ብቻ አስሮ፥ ቁልፉን እያዞረ መወርወሪያው በትክክል መውጣቱንና መግባቱን፥ መሪውም ከዳር እስከ ዳር ሳይነካካ መዞሩን ያረጋግጥ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ራሶቹ እስኪሰበሩ ድረስ ይጠበቁ። ከሰበረ በኋላ ስሕተት ያገኘ መካኒክ እንደገና ሊሰረስር ነው። እነዚህ ብሎኖች ባልተገኙበት አገር ልኩ አንድ የሆነ ተራ ብሎን አጥብቆ ራሱን በሞረድ ማለስለስ የሚቻል ነው፤ ከፋብሪካው አይስተካከልም፥ ተራ ብሎን ከነራሱ ከመተው ግን ይሻላል። ላልቶ የሚወዛወዝ ቤት መወርወሪያውን ከጎድጓዳው ያሳስታልና።

ቤቱን ከመመለስ ይልቅ «ዳይሬክት» አድርጎ መተውን በሚመለከት ግን ምንም ምሕረት የለንም። ሽቦዎቹ ተቈርጠው በእጅ የተገናኙበት መኪና መጋጠሚያው በመንገዱ ንዝረት እየተፈታ በጉዞ መካከል ሞተር ያጠፋል፤ ልባሱን የተላጠ ሽቦም ከአካሏ ጋር ተነካክቶ እሳት ይጭራል። ከዚህ ይከፋል የተባለው ደግሞ በጉልበት የተሰበረ መወርወሪያ ነው። ስባሪው በቤቱ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና፥ ጎማው ጉድጓድ በመታ ጊዜ ተንሸራቶ ዘንጉን ሊቀረቅረው ይችላል። መሪውን ለሁለት ጠምዝዘው የሰበሩ ሰዎች ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ የሚመጣ አደጋ ነው።

የማስነሻ ቁልፍ ቀላል ነገር ነው ለሚል ሰው አንድ ታሪክ ይበቃዋል። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ ትናንሽ መኪናዎችን መልሶ ለመጠገን ተገደደ። ምክንያቱ በማስነሻው ውስጥ ቁልፉን በስፍራው የሚያቆመው ሞላ ከልኩ በታች መድከሙ ነበር። በቁልፉ ላይ ከባድ ነገር ሲንጠለጠል ወይም የሾፌሩ ጕልበት ሲነካው ቁልፉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፥ መሪው ይከብዳል፥ ግጭት በደረሰ ጊዜ የአየር ከረጢቱ አይነፋም። ለተጎጂዎች ካሣ እንዲሰጥ የተቋቋመው ጉባኤ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል። በአገራችን ሾፌር የቤቱን፥ የሱቁን፥ የሣጥኑን ቁልፍ ሁሉ፥ በዚያም ላይ የጠርሙስ መክፈቻ ጨምሮ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ማንጠልጠል ይወዳል። በኮረኮንች መንገድ ይህ ጭነት ቀኑን ሙሉ እንደ ደወል እየተወዛወዘ በርሜሉን ይበላዋል። የመኪና ቁልፍ ብቻውን ይያዝ።

በኋላ ዘመን የተሠሩት መኪናዎች በቁልፉ እጀታ ውስጥ የምትናገር አንዲት ትንሽ ቺፕ አላቸው፤ በቁልፍ ቤቱ አፍ ዙሪያ ያለው ቀለበት ድምፅዋን ካልሰማ ሞተሩ ነዳጅ አያገኝም። እነዚህን ሰርስሮ አዲስ ቤት ማስገባት ብቻውን አያስነሣቸውም፤ አዲሱ ቁልፍ በኮምፒውተር ከመኪናይቱ ጋር መተዋወቅ አለበት፤ መሣሪያው በሚቀርበው ከተማ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ አብዛኞቹ በቁልፍ መዞር ፈንታ በአዝራር ይነሣሉ። በዋግ ቆላ የሚመላለሰው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ግን ገና ብዙ ዓመት በነሐስ ሰሌዳዎቹ መኖሩ የማይቀር ነው።

ስለዚህ ባለ መኪና ሁሉ ትርፍ ቁልፍ ያስቀርጽ። ሲያስቀርጽም ከተበላው አሮጌ ቁልፍ ላይ አያስገልብጥ፤ ግልባጩ መበላቱንም አብሮ ይወርሳል። ከአዲስ መኪና ጋር የሚሰጠው፥ የቁልፉ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ካለ በዚያ ቁጥር ማስቀረጽ ይሻላል። ያን ሰሌዳ ግን ብዙዎች ከቁልፉ ጋር በአንድ ቀለበት ያንጠለጥሉታል፤ ቁልፉን ያገኘ ሰው ቁጥሩንም ያገኛል፥ ቁልፉ በጠፋ ቀንም ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል። ሰሌዳው በቤት፥ ሊብሬው በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ትርፉ ቁልፍ ደግሞ በመኪናይቱ ውስጥ አይተው፤ ከሾፌሩ ጋር በሚሄደው ረዳት ኪስ ይሁን።